ብሎክ ካደረገችው በኋላ

ሰንጋ ተራ፣ 40/60 ኮንዶሚኒየም። በአንድ ወገን የባንኮቹ ፎቆች፣ በሌላው ወደ ልደታ ፍርድ ቤቶች የሚወስደው መንገድ አለ፤ ሁለቱም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ተናጋሪዎቹ በአንድ ደረጃ የሚወጡ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛዋ እዚያው ሰንጋ ተራ ባንክ ቤት መስኮት ላይ የምትሠራ ወጣት ናት። ሌላዋ በዐቃቤ ሕግነት ጀምረው በጥብቅና ያረጁ ሴት ናቸው። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። የተነጋገሩበት ጉዳይ ግን ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ የገባ ስለሆነ ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ አስፍሬዋለሁ።

ሠራተኛዋ፦ እትዬ፣ በዚህ ሰዓት መጣሁብዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድሜን ፖሊስ ጠርቶታል። ወረቀቱ «የኮምፒውተር ወንጀል» ይላል። ልጁ ኮምፒውተር እንኳ የለውም፤ ያለው አንድ ስልክ ነው።

ጠበቃዋ፦ ግቢ፣ ተቀመጪ። ስልኩም በሕጉ ዓይን ኮምፒውተር ነው። አዋጅ ቁጥር 958/2008 መረጃ የሚያከማቸውንም የሚያስተላልፈውንም መሣሪያ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራዋል። አሁን ምን እንዳደረገ ንገሪኝ። አሳምረሽ አይደለም፤ እንዳለ።

ሠራተኛዋ፦ ከአንዲት ልጅ ጋር ነበሩ፤ ተለያዩ። እሱ አልተዋጠለትም። ቴሌግራም ላይ ይጽፍላታል፤ ብሎክ አደረገችው። ሌላ አካውንት ከፍቶ ጻፈ፤ እሱንም ዘጋችው። ከዚያ በቲክቶክ፣ ከዚያ በጓደኛው ስልክ። የጻፈውን አይቼዋለሁ። አብዛኛው «ናፈቅሽኝ»፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እናውራ» ነው። ስድብ የለበትም።

ጠበቃዋ፦ አብዛኛው አልሽ። የቀረውስ?

ሠራተኛዋ፦ አንዱ «ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ ነበር» ይላል።

ጠበቃዋ፦ ዐቃቤ ሕጉ ይህን ከሁሉ ፊት ያስቀምጠዋል። ስድብም ዛቻም የለበትም፤ ልጅቷ ግን ያነበበችው «እያየሁሽ ነው» የሚለውን ነው። ያን ቀን ማታ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቷ እንደሄደች ብትጠይቂያት ትነግርሻለች።

ሠራተኛዋ፦ ፍቅር ነው እኮ እትዬ! ወንጀለኛ አይደለም።

ጠበቃዋ፦ ፍቅሩን አልክድበትም። ፍቅር ለምን እንዳደረገው ይነግረናል፤ ያደረገውን ግን አይለውጠውም። እኛ አገር ደጅ መጥናት ሲመሰገን ኖሯል። «እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» እየተባለ ያደገ ልጅ ብሎክ መደረጉን እንደ ፈተና ይቆጥረዋል፤ ሲያልፈው የጀግና ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ካሚላት መህዲን ታስታውሻለሽ? ያኔ ሕፃን ነበርሽ መሰለኝ።

ሠራተኛዋ፦ ስሟን ሰምቻለሁ። አሲድ የተደፋባት።

ጠበቃዋ፦ በ1999 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ያደረገው ለዓመታት ሲከታተላትና ሲያስፈራራት የኖረ ሰው ነው። ቤተሰቧ ዛቻውን ፈርቶ ለፖሊስ ሳያመለክት ቆይቶ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ስልክ በእጃችን አልነበረም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። አሲዱ ከመምጣቱ በፊት ደፍረው ቢከሱትስ ኖሮ ምን ሕግ ነበር? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ነው፤ ማስፈራራት። በግል አቤቱታ የሚታይ፣ ጣሪያው 6 ወር ቀላል እስራት ወይም 500 ብር መቀጮ። ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅ ራሱን የቻለ አንቀጽ አልነበረውም። የሚከታተለው ሰው እጁን እስኪያነሣ ድረስ ሕጉ ቆሞ ያይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሠራተኛዋ፦ አሁንስ?

ጠበቃዋ፦ አሁን አዋጁ አንቀጽ 13 ላይ ሦስት ነገሮችን ለይቷል። አንደኛው ሰውን ወይም ቤተሰቡን ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ማስፈራራት ነው፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ሁለተኛው ወንድምሽን የሚመለከተው ነው። ስለ ተበዳዩ ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በመላክ ወይም በተደጋጋሚ በማስተላለፍ፣ አለዚያም የኮምፒውተር ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃት፣ ስጋት ወይም የሥነ ልቦና ጫና ያሳደረ ሰው እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሦስተኛው ስም ማጥፋት ነው፤ እሱ የሚታየው ተበዳይ ሲያመለክት ብቻ ነው።

ሠራተኛዋ፦ 10 ዓመት? ለቴሌግራም መልእክት?

ጠበቃዋ፦ ከባድ ሲሆን ብያለሁ። «ከባድ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ግን አዋጁ ቆርጦ አልነገረንም፤ ለዳኛው ነው የተወው። የአንቀጹ አቅም እዚያ ላይ ነው፤ ጉድለቱም እዚያው። «የሥነ ልቦና ጫና» የሚለው ሐረግ መጠን የለውም። ዕዳውን የሚጠይቅ አበዳሪ ጫና ያሳድራል። ልጁን ለማየት የሚለምን የተፋታ አባትም ያሳድራል። ደግሞ «በመላክ ወይም በተደጋጋሚ በማስተላለፍ» ይላልና አጥብቆ ለሚያነብ ዐቃቤ ሕግ አንድ መልእክት ሊበቃው ነው። በሌሎች አገሮች ግን ብዙ ጊዜ ተከታታይ ድርጊት መኖር አለበት። እኔ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሴቶችን ሊያድን ይችላል። ስለምወደውም ያለ ልክ ሲዘረጋ ማየት አልፈልግም።

ሠራተኛዋ፦ እንግዲያውስ እዚያ ላይ እንከራከር። ወንድሜ ሊያስፈራራት አስቦ አይደለም።

ጠበቃዋ፦ አሁን ወደ ፍሬው መጣሽ። አንቀጹ «ሆን ብሎ» ይላል። አሜሪካ ውስጥ የወንድምሽን የሚመስል ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ድረስ ሄዷል፤ ካውንተርማን በኮሎራዶ ላይ ያቀረበው ክርክር ይባላል። ሰውየው በአካል አግኝቷት ለማያውቃት አንዲት ዘፋኝ በፌስቡክ በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶች ላከ። በየጊዜው ብሎክ ታደርገዋለች፤ አዲስ አካውንት ይከፍታል። አንዳንዶቹ መልእክቶች የት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው የጻፋቸው ይመስሉ ነበር። ተፈርዶበት ይግባኝ አለ፤ ሰኔ 2015 ላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ወሰነ። መልእክቱ ለሌላው ሰው አስፈሪ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ላኪው ራሱ ቃሉ እንደ ዛቻ ሊወሰድ እንደሚችል እያወቀ ቸል ማለቱ መረጋገጥ አለበት አለ።

ሠራተኛዋ፦ ይኸው! ወንድሜም አላወቀም።

ጠበቃዋ፦ ቆይ። የኛም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 58 ተመሳሳይ ነገር ይዟል። አስቦ ማድረግ ማለት ውጤቱን መፈለግ ብቻ አይደለም። ድርጊቱ ያን ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል እያወቁ «የመጣው ይምጣ» ብሎ መቀጠልም አስቦ ማድረግ ነው። አሁን ብሎክ ማድረጓን በዚህ ዓይን እዪው። የመጀመሪያው «ናፈቅሽኝ» የተላከው በሩ ክፍት ሳለ ነው። ሁለተኛው የተላከው ከተዘጋ በኋላ፣ ሌላ ስም ተበጅቶ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ «አላወቅኩም የሚል ሰው ለምን ስሙን ቀየረ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው?

ሠራተኛዋ፦ … የለውም።

ጠበቃዋ፦ ስለዚህ «ስለምወዳት ነው» የሚለውን መከላከያ አድርጎ ፖሊስ ፊት እንዳይናገረው። መከላከያ መስሎት ማመኛ ነው የሚሆንበት፤ ላኪው እሱ መሆኑን በራሱ አንደበት አረጋገጠ ማለት ነው።

ሠራተኛዋ፦ ፖሊስ ጋ ምን ይበል ታዲያ?

ጠበቃዋ፦ ይሂድ። መጥሪያ ደርሶት መቅረት ትልቅ ስህተት ነው፤ ኋላ ዋስትና ሲጠየቅ «ሲጠራ የማይመጣ» ይባላል። ስሙንና አድራሻውን ይናገር፤ በተረፈው ላይ ዝም የማለት መብት አለው። ሕገ መንግሥቱም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉም ይህን ሰጥተውታል። ቢያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለው ተከላካይ ጠበቃ አለ። በኃይል የተገኘ ቃልም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን የምነግርሽ ወንድምሽ እንዲያመልጥ አይደለም። ቃሉን በድንጋጤ ሰጥቶ ኋላ ሲለውጠው ማን ያምነዋል? ልጅቷም ብትሆን የምትፈልገው ይግባኝ ላይ የማይፈርስ ፍርድ ነው።

ሠራተኛዋ፦ አካውንቶቹን እንዲያጠፋቸው ነግሬዋለሁ።

ጠበቃዋ፦ አጠፋቸው?

ሠራተኛዋ፦ እንጃ፤ አልጠየቅኩትም።

ጠበቃዋ፦ አሁኑኑ ደውይና አቁሚው። መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ማጥፋት ማስረጃ መደበቅ ነው የሚመስለው፤ ራሱንም ይጎዳዋል። ልጅቷ መልሳ የጻፈችባቸው ቦታዎች ካሉ፣ እሷ ራሷ ብሎኩን አንሥታ ያናገረችበት ጊዜ ካለ፣ ያ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሷ ያቀረበችው የተቆረጠ ስክሪንሻት ቢሆን ሙሉውን በምን ያሳያል? የመልእክቱን ይዘት ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሳፋሪኮም አያስቀምጡትም። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዘዘው የግንኙነቱን መረጃ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደተገናኘ። ይዘቱ ውጭ አገር ባሉት ኩባንያዎች እጅና በሁለቱ ስልኮች ላይ ነው። ከኩባንያዎቹ ማግኘት ረጅም ነገር ነው። ስለዚህ በተግባር ችሎቱ የሚመለከተው ስልኮቹን ነው።

ሠራተኛዋ፦ ስክሪንሻት ይበቃል እንዴ? ዛሬ እኮ ማንም ፈጥሮ ይሠራዋል።

ጠበቃዋ፦ አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን እውነተኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት ይላል። ጥሩ ተከላካይ መጀመሪያ የሚመታው እዚህ ነው። ምስሉ ከየትኛው ስልክ ተወሰደ? ስልኩ በማን እጅ ነበር? ቀኑና ሰዓቱ ይታያል? ከላይና ከታች ያለው ምልልስ የት ሄደ? ደግሞ ዋናው ጥያቄ አለ፦ ከአካውንቱ ጀርባ ያለው ማን ነው? በአገራችን ሲም ካርድ በአንድ ስም ይወጣና በሌላ ሰው እጅ ይዞራል። እኅት በወንድሟ ስም ታወጣለች፤ ልጅ በአባቱ። ቁጥሩ በስሙ መሆኑ ላኪው እሱ ነው ማለት አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጉ በሌላ ማስረጃ ማያያዝ አለበት። ወንድምሽ ደግሞ የጓደኛውን ስልክ ተጠቅሟል። ስለዚህ አንድ ምንም የማያውቅ ልጅ በዚህ ውስጥ ተነክሯል፤ ቁጥሩ የሱ ስለሆነ ፖሊስ ነገ የሱን በር ሊያንኳኳ ይችላል። ይህን አስባችሁበታል?

ሠራተኛዋ፦ አላሰብንበትም።

ጠበቃዋ፦ አስቡበት። እንግዲህ ተከሳሽ በሐቅ ሊቆምባቸው የሚችሉ መከላከያዎች እነዚህ ናቸው፦ ላኪው እኔ አይደለሁም፤ ማስረጃው ተቆርጧል ወይም ተነካክቷል፤ መልእክቱን የላክሁት ሕጋዊ ምክንያት ኖሮኝ ነው፤ ፍርሃት እንደሚፈጥር አላወቅኩም፤ ያደረግሁት ነገር በዚህ አንቀጽ ሥር አይወድቅም። የመጨረሻውን ችላ አትበይው። ክስ ቀኑን፣ ቦታውንና ድርጊቱን ለይቶ መናገር አለበት። «ቀኑና ሰዓቱ በውል ባልታወቀ ጊዜ የተለያዩ መልእክቶችን በመላክ» የሚል ክስ ሲመጣ የክስ መቃወሚያ ይቀርብበታል። የትኛው መልእክት? ከብሎኩ በፊት ወይስ በኋላ? እንዳልኩሽ የዚህ ጉዳይ ወገቡ እዚያ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኞቹ ብይን ይሰጣሉ፤ ካላሳመናቸው ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል፤ ካሳመናቸው «ይከላከል» ይባላል።

ሠራተኛዋ፦ የማስረዳት ግዴታው ሁልጊዜ የዐቃቤ ሕግ ነው አይደል?

ጠበቃዋ፦ መሠረቱ ያ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ማንም ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። ይህ አዋጅ ግን አንቀጽ 37 ላይ አንድ ቀዳዳ ከፍቷል፤ ዐቃቤ ሕጉ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮቹን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞረው ይችላል። አዋጁ ሲወጣ ብዙ የመብት ተሟጋቾች ተቃውመውታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አካውንቱን ያልከፈተ ሰው አለመክፈቱን በምን ያሳያል? ያልሆነን ነገር አስረዳ ማለት ከባድ ነው። ለዚህም ነው ተከሳሽ እጁን አጣጥፎ «ያስረዱብኝ» ብሎ መቀመጥ የማይችለው። ያን ሰዓት የት እንደነበረ፣ ስልኩ ማን ጋ እንደነበረ፣ የሚያውቅለት ምስክር ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን መሰብሰብ አለበት። አዋጁ ያስቀመጠው 1 ዓመትም ይሄዳል፤ የግንኙነት መረጃው እንዲቀርብለት በጊዜ ካልጠየቀ ነፃ የሚያወጣው ማስረጃ ራሱ ሊጠፋበት ይችላል።

ሠራተኛዋ፦ እናቴ ደግሞ ሽማግሌ እንላክ ትላለች። የልጅቷን አባት የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ክሱን ታንሣው ብለው ይለምኑልን።

ጠበቃዋ፦ እናትሽ የመሰላትን ነው ያለችው፤ ሽማግሌ ያስታረቀው ብዙ ነገር አለ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ስም ማጥፋት ቢሆን ኖሮ አቤቱታዋን ስታነሣ ነገሩ ሊቆም ይችል ነበር። ይህ ግን በአቤቱታ ብቻ የሚታይ ተብሎ አልተጻፈም፤ እሷ ብትተወውም ዐቃቤ ሕግ ሊቀጥልበት ይችላል። ሁለተኛው ይብሳል። ይህች ልጅ «ተወኝ» ብላ ነው ፖሊስ ዘንድ የሄደችው። አሁን ደግሞ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባቶች በሯን ሲያንኳኩ እሱ በሌላ መንገድ መጣ ማለት ነው። ዋስትና ሲጠየቅ ዐቃቤ ሕጉ «ምስክር ያባብላል» ብሎ ይቃወማል፤ ያ ደግሞ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ዋስትና ለመከልከል ካስቀመጣቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ወንጀሉ በራሱ ዋስትና አይከለክልም፤ እናንተ ግን በገዛ እጃችሁ ታስከለክሉታላችሁ።

ሠራተኛዋ፦ እኔስ ብጽፍላት? ሴት ለሴት…

ጠበቃዋ፦ አንቺም አትጽፊላት። ያንቺ መልእክትም ነገ በመዝገቡ ውስጥ ይገባል።

ሠራተኛዋ፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች። አንድ ደንበኛ ስሟን ከደረት ባጇ ላይ አንብቦ ፌስቡኳን አገኘ። ፎቶዋን ወስዶ ቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፈው፤ ቅርንጫፋችንን፣ የምትወጣበትን ሰዓት ሳይቀር። ያን ጊዜ «ይህን ሰው ማሰር ነው!» ብዬ ጮኼ ነበር። ዛሬ ወንድሜ ሲሆን ሕጉ የከፋ መሰለኝ።

ጠበቃዋ፦ ሁለቱም ስሜት እውነት ነው። የባልደረባሽ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኛል። የሰውን ፎቶና ያለበትን ቦታ ለማያውቁት ሰዎች መበተን ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን አስታውሺ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ መስከረም 2014 መጨረሻ ላይ፣ ስማቸውና ፎቶአቸው ከክስ ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ። ጥቅምት 24 ቀን ከቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ቀድሞ ለፌስቡክ አመልክቶ እንደነበር ተናግሯል። ታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በ2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ያ ክርክር ኩባንያውን የሚመለከት ነው። የጻፉትን ሰዎች በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ አንቀጽ 13 «ስለ ተበዳዩ ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ» ሲል ለባልደረባሽ የተጻፈ ይመስላል።

ሠራተኛዋ፦ እሷ ምን አደረገች መሰልዎ? ቁጥሯን ቀየረች፣ ሁሉንም አጠፋች፣ ዝም አለች።

ጠበቃዋ፦ አብዛኞቹ የሚያደርጉት ያንን ነው። መጥፋት መፈለጓን ማን ይፈርድባታል? ግን ከማጥፋቷ በፊት የቻናሉን ስም፣ የአካውንቱን አድራሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ ብታስቀምጥ፣ ስልኩንም ለሌላ ሰው ባትሰጥ ጉዳዩ ይዞ የሚቆምበት ነገር ያገኝ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በግልጽ ቃል «ከእንግዲህ አትጻፍልኝ» ብሎ ጽፎ መዝጋትም ትልቅ ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ «አላወቅኩም» ማለት ይከብዳል። ብቻዋን ልትገፋው አይገባም፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ደግሞ የሰውየውን አካውንት ሰብሮ ለመግባት ወይም ቲክቶክ ላይ ስሙን ለመለጠፍ የሚፈልግ ዘመድ ካለ ያዙት። የሰው አካውንት ሰብሮ መግባት በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው፤ ስም ማጥፋትም እንደዚያው። ተበዳይ ሆና ሳለ ተከሳሽ የምትሆን ብዙ ናት።

ሠራተኛዋ፦ ሰውየው ውጭ አገር ቢሆንስ? አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየጻፈ የሚያስጨንቅም አለ።

ጠበቃዋ፦ እዚያም ሕግ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅን እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል፤ ጉዳት ከደረሰ ይጨምራል። ካሊፎርኒያማ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ክትትልን ወንጀል ያደረገችው፤ አንዲት ተዋናይት በሚከታተላት ሰው ከተገደለች በኋላ። ችግሩ ከዚህ ማመልከቻ ይዞ እዚያ መድረሱ ነው። እዚያ የሚኖር ዘመድ ካላት ባለበት ከተማ ፖሊስ ያመልክትላት፤ እሱ ከሁሉም ይፈጥናል።

ሠራተኛዋ፦ ወደ ወንድሜ ልመለስ። ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ሕይወቱ አለቀ ማለት ነው?

ጠበቃዋ፦ አላለቀም። ሪከርድ የሌለው መሆኑ፣ መጸጸቱ ቅጣት ያቀላሉ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ላይ ተጽፏል። በገደብ የሚለቀቅበትም ሁኔታ አለ። ግን መጸጸት በችሎት ቀን አንገት መድፋት አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቃል አይጻፍላት፤ በሰው በኩልም አይላክባት፤ በሥራዋ በኩል አይለፍ። ሌላ መንገድ የለው እንደሆነ ዞሮ ይሂድ። ዳኛ የሚያየው ይህንን ነው፤ ከመጥሪያው በኋላ ያለውን ባሕርይ።

ሠራተኛዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። እርስዎም ሴት ነዎት። የልጅቷ ፍርሃት ይገባዎታል። ለሱ ይቆሙለታል?

ጠበቃዋ፦ እቆምለታለሁ። ልጅቷን ግን ምስክርነት ስትሰጥ አላዋርዳትም። «ለምን መለስሽለት?»፣ «ለምን ከመሸ በኋላ ወጣሽ?» አልላትም። የምጠይቃት ቁጥሩ የማን እንደሆነ፣ መልእክቱ መቼ እንደደረሰ፣ ሙሉው ምልልስ የት እንዳለ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ ተበዳይን በማሳፈር ነፃ የወጡ ተከሳሾች አይቻለሁ፤ ያን ሥራ አልሠራም። ወንድምሽ ያን የሚፈልግ ከሆነ ሌላ ጠበቃ ይያዝ። ማስረጃው ጠንካራ ሆኖ ካየሁትም «አምነህ ተናገር» እለዋለሁ፤ ይህንን ከአሁኑ ይወቀው።

ሠራተኛዋ፦ ነገ ይዤው ልምጣ?

ጠበቃዋ፦ ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጣ፤ ስልኩን ምንም ሳይነካ፣ መጥሪያውን ይዞ፣ የጓደኛውንም ስምና ቁጥር ይዞ። አንቺ ግን አብረሽ አትገቢም።

ሠራተኛዋ፦ ለምን? እኅቱ አይደለሁም?

ጠበቃዋ፦ ለዚያ ነው። ለጠበቃው የሚነግረኝ በምስጢር ይጠበቃል። አንቺ የሰማሽው ግን አይጠበቅም፤ ምስክር ሆነሽ ልትጠሪ ትችያለሽ፤ ተጠርተሽ ደግሞ መዋሸት የለብሽም። ካሁን በፊት ያየሽው ይበቃል። ከእንግዲህ ስለ ጉዳዩ እንዳይነግርሽ ዛሬ ማታውኑ ንገሪው።